ለጤነኛዋ ሴት የተጸለየው ጸሎት

«በመጨረሻም» አሉ የትምህርት ቤቱ መጋቢ፣ የጸሎት ርእሶች የተጻፉባትን ቁራጭ ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ «የጥበቃ ሠራተኛችን ባለቤት ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ስለ እርሳቸው እንጸልይ።»

አዳራሽ ሙሉ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ዓይኗን መጨፈን እንኳ አቃታት። ያንን ዓረፍተ ነገር በደንብ ታውቀዋለች፤ ከሦስት ቀን በፊት በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። ችግሩ የጥበቃው ባለቤት አንድም ቀን ታማ አለማወቋ ነበር።

ከዚህ የባሰ አይመጣም ስትል የጎኑ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። የጥበቃው ባለቤት ራሷ ገባች። ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ዳቦ የምታቀርበው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ ጠዋት ትልቁን ቅርጫት ተሸክማ በአዳራሹ ጀርባ ታልፋለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስታይ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና እጆቿን ዘረጋች። ለማን እንደሚጸለይ አልሰማችም። መጋቢው «ከአልጋዋ አንሣት!» ሲሉ ግን ከአዳራሹ ሁሉ ጮክ ብላ «አሜን! አሜን!» አለች። ከዚያም ባዶ ይመስል ቅርጫቷን ብድግ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቃቸውን ለማፈን ታገሉ፤ ለአንዱ አልሆነለትም። መጋቢው ዘንድሮ ስለመጡ ዳቦ የምታመጣዋ ሴት የማን ሚስት እንደሆነች አያውቁም። ልጇ ግን እዚያው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ቀውላላ ይሉታል፤ ቁመቱ ከመምህራኑ ይበልጣል። ዞር ብሎ ከኋላው የተቀመጠችውን ጓደኛውን አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

የልጅቷ ቅጽል ስም ድርሰት ነው። ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በድርሰት ፈተና ማንም ቀድሟት አያውቅም። እናቷ የትምህርት ቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ግቢው ውስጥ የሚርመሰመሰው ሰማያዊ ዩኒፎርም በሙሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። የሠራተኛ ልጅ በነጻ ስለሚማር ድርሰትም፣ ቀውላላውም፣ የምግብ አብሳይዋ መንታ ልጆችም እዚሁ ግቢ አደጉ። በዚህ ወር ግን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ሠራተኞች የልጆቻቸውን ክፍያ ግማሹን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ይህ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ቤተሰብ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለኮሚቴ ያመልክት። ደብዳቤው ካልተሳካለት ለልጁ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልግ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት የጥበቃ ሠራተኛው ልጃቸውን ቀውላላውን አስከትለው ወደ ድርሰት መጡ። «እኔ በር መጠበቅ እንጂ ወረቀት ማሳመር አላውቅም» አሏት። «አንቺ ጻፊልን።» ምግብ አብሳይዋም ተከተለች። ድርሰት ኮራች። ደብዳቤ እንድትጽፍ በትልልቅ ሰዎች ተለምና አታውቅም። ጥሩ ጽሑፍ ማለት ደግሞ አንጀት የሚበላ ጽሑፍ ነው ብላ ታምን ነበር። ስለዚህ የምግብ አብሳይዋን የሚያንጠባጥብ ጣሪያ በአንዴ አፈረሰችው። የጥበቃውን ባለቤት አልጋ ላይ አስተኛቻት። የጥበቃ ሠራተኛው ወረቀቱን አላነበቡም፤ «አንቺ ከጻፍሽው ይበቃኛል» ብለው ፈረሙ።

በእረፍት ሰዓት ቀውላላው ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ጠበቃት።

«እናቴን አስተኛሻት አይደል?»

«እኔ እኮ... ኮሚቴው እንዲያዝን ብዬ ነው።»

«ወጥ ቤት ገብታ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹ያቺ ምስኪን ማን ናት? እግዜር ይማራት› ብላ ስትጠይቅ ነበር!»

ድርሰት ሳቅ አመለጣት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ቀውላላው አልሳቀም።

«መጋቢው ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሊጠይቋት ቤት ይመጣሉ። ብርቱካን ገዝተዋል። እናቴን በር ላይ ቆማ ሲያገኟት አባቴ ምን ይባላል? ውሸታም ነዋ! ውሸታም ዘበኛን ማን ቁልፍ ያስይዘዋል?»

ይህን አላሰበችም ነበር። ደብዳቤውን ስትጽፍ የምታስበው ስለ ዓረፍተ ነገሮቹ ብቻ ነበር።

«ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአንድ ሰዓት ብቻ እንድትተኛ እለምናታለሁ። አንቺም ዝም በይ። ካወራሽ የናንተም ይበላሻል፤ ያንቺን ውሸት ካወቁ የእናትሽን ደብዳቤ ማን ያምናል? ሁለታችንም እንባረራለን።»

እውነቱን ነው። ደወሉ ተደወለ።

በምሳ ሰዓት ወደ እናቷ የስፌት ክፍል ሄደች። ክፍሏ ከመጋዘኑ ጎን ናት፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ሰማያዊ ጨርቅ። ሦስተኛው ደብዳቤ፣ የራሳቸው ደብዳቤ፣ ገና አልተፈረመም ነበር። እናቷ በመቀሱ ጫፍ ይዛ ታነበዋለች።

«ነይ እስቲ» አለቻት። «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«የቷ?»

«‹ዓይኗ የደከመ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ምስኪን እናት› የምትይው። እኔ እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም።» ክሩን አንሥታ ወደ መስኮቱ እንኳ ሳትዞር በአንዴ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈችው። «ደግሞስ አባትሽን የት አደረስሽው?»

የድርሰት አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤት ይመጣል።

«አልገደልኩትም» አለች ድርሰት። «ዝም ነው ያልኩት።»

«ውለታ ነው! መንገድ ላይ ሆኖ ይህን ቢሰማ ጎማው ይፈነዳል።» እናቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። «አልፈርምም። እኔ በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሰፍቻለሁ። የሠራሁበትን እጠይቃለሁ እንጂ በሌለ በሽታ አልለምንም። ለልጄ መማሪያ ብዬ ራሴን ካዋረድኩ ልጄ ምኑን ተማረችው?»

ድርሰት ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የጥበቃውን ደብዳቤ፣ የጠዋቱን ጸሎት፣ ብርቱካኑን፣ የፈረሰውን ጣሪያ። እናቷ መኪናዋን አቁማ ሰማቻት። አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻል ነበር።

በዚያች ክፍል አንድ ሕግ አለ፤ ስፌት ሊለማመዱ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይማሩታል። ያጣመመ ሰው ራሱ ይፈታል። ሌላ ሰው አይፈታለትም፤ ጨርቁም አይጣልም። አንዳንዷ እያለቀሰች ትፈታለች፤ እናቷ ግን አጠገቧ ተቀምጣ የራሷን ሥራ ትቀጥላለች።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለች እናቷ።

«የኛም ሊቀር ይችላል እኮ፣ እማ። እውነቱን ካወቁ።»

«ሊቀር ይችላል።» እናቷ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። «ብዙ ጥሩ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ተምሮ አድጓል።»

መጋቢው በቢሯቸው ብርቱካን በፌስታል ሲከቱ ደረሰች። ድርሰት ቆማ ነገረቻቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው መግቢያ ነበራት፤ በሩ ላይ ስትደርስ ጠፋት። «መጋቢ፣ የጥበቃው ባለቤት አልታመሙም። ዳቦ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። በሽታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ባላቸውም አያውቁም። የምግብ አብሳይዋንም ጣሪያ ያፈረስኩት እኔው ነኝ» አለች በአንድ ትንፋሽ።

መጋቢው ብርቱካን እንደያዙ ቀሩ።

«‹አሜን› ያሉት?»

«አዎ።»

«ትናንትና ከትናንት ወዲያ ቁርሴን ትቼ ጾምኩላቸው እኮ!»

ድርሰት አንገቷን ደፋች። መጋቢው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ግንባራቸውን አሹ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሳቅም ቁጣም አልነበረበትም።

«ልጄ፣ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ እንጂ ኮሚቴው አይደለሁም። ነገ ይሰበሰባሉ። ደብዳቤዎቹን መልሼ ልሰጥሽ እችላለሁ፤ እስከ መጨረሻው ደወል በአዲስ መተካት ይፈቀዳል። ‹ስሕተት ተገኝቶ ታርሟል› ብዬ አልፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚወስኑ ግን ቃል አልገባልሽም።»

ሁለቱን ደብዳቤዎች ተቀብላ ስትወጣ ከኋላዋ ጠሯት።

«ብርቱካኑንስ ምን ላድርገው?»

«ጤነኛ ሰውም ብርቱካን ይበላል፣ መጋቢ» አለች፤ ከዚያ ባለችው ደንግጣ ሮጠች።

የምግብ አብሳይዋ ነገር ቶሎ አለቀ። «ጣሪያዬን አፈረስሽው? እኔ ቆርቆሮውን ያቆምኩት በስንት መከራ!» ብላ በጭልፋ አስፈራራቻት፤ ቀጥላ ግን በየቀኑ ስንት ሕፃን እንደምታበላ ቁጭ ብላ አስጻፈቻት። የጥበቃ ሠራተኛው ነገር ግን ከባድ ነበር። በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ የዘብ ቤታቸው ውስጥ የቁልፎቹን ዘለላ ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሟት። ቀውላላው ከበሩ ውጭ ቆሞ ጫማውን ይመለከታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች።

እሳቸው የቁልፎቹን ዘለላ አንሥተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

«እኔም አላነበብኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ሳላይ አንድ ሰው በዚህ በር አሳልፌ አላውቅም። ወረቀቱን ግን ሳላይ አሳለፍኩት።» መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ወረቀት አምጪ። አሁን እኔ የምልሽን ብቻ ጻፊ። አንድም ቃል አትጨምሪ።»

«እሺ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ከዚህ ግቢ አንድ ወንበር አልጠፋም። ጎርፍ ቤተ መጻሕፍቱ የገባ ጊዜ እሑድ ነበር፤ ማንም አልነበረም። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ አንድ ሺህ ሁለት መቶ መጻሕፍት ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣን። ስናወጣ ቆጥሬያለሁ። ያኔ ልጄ ገና አራተኛ ክፍል ነበር። ካወጣቸው መጻሕፍት ገሚሱን አንብቧል፤ የቀረውንም እዚሁ ቢያነበው እወዳለሁ። ግማሹን ክፍያ ሙሉውን ባልችልም የቻልኩትን እከፍላለሁ።»

ድርሰት የእሳቸውን አፍ እየተከተለች ጻፈች። አንድም የሚያለቅስ ሰው ያልነበረበት ደብዳቤ ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ባለቤቴ ጤነኛ ናት» ብለው ቀጠሉ። «በቀን ሁለት መቶ ዳቦ ትሸከማለች።»

«ይህንንም ልጻፈው?»

«ይህንንማ ከሁሉ በፊት ጻፊው!»

ከውጭ ቀውላላው ሳቀ። አባቱ ወረቀቱን ተቀብለው ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበቡት፤ አንድ ጊዜ ተመልሰው የጎርፉን አንቀጽ ደገሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ፈረሙ። ጀርባቸው ቀና ብሎ ነበር።

የመጨረሻው ደወል ሊደወል ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ድርሰት በስፌት ክፍሉ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ሦስተኛውን ጨረሰች። የእናቷ ደብዳቤ ከሁሉ አጭር ነበር። ዘጠኝ ዓመት፣ በየዓመቱ አራት መቶ ዩኒፎርም፣ ባሏ ሾፌር፣ ልጇ ጎበዝ ተማሪ። እናቷ አንብባ «ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለችና ፈረመች።

ድርሰት ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። አንድ ባዶ ወረቀት ሳበች። አብሯት የመጣው ቀውላላ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ።

«ደግሞ ይሄ የማን ነው?»

ብዕሯን አንሥታ ጻፈች። «በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ የነበረውን በሽታና የፈረሰ ጣሪያ የጨመርኩት እኔ ነኝ። የፈረሙት ሰዎች አያውቁም ነበር። አሁን ከቀረቡት ሦስት ደብዳቤዎች አንዱ የእናቴ ነው፤ እሷም ይህን አታውቅም ነበር።»

«ኧረ በናትሽ!» አለ ቀውላላው። «መጋቢው ‹ስሕተት ታርሟል› ብዬ አልፈዋለሁ ብለውሽ የለ? ይሄን ካነበቡ መጀመሪያ የሚጥሉት የናንተን ነው።»

«አባትህን ከሚጠረጥሩ እኔን ይወቁኝ» አለች።

እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብላ ወረቀቱን እንድትሰጣት እጇን ዘረጋች። አነበበችው። ለልጇ መልሳ ስትሰጣት ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ቀውላላው እንኳ አየው። ድርሰት ስሟን ሙሉውን፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጽፋ ከሥሩ ፈረመች። ከዚያ አራቱን ወረቀቶች ይዛ ደረጃውን ወጣች።

መጋቢው በራቸውን ሊዘጉ ቁልፉን ይዘው ነበር። ወረቀቶቹን ተቀብለው በጣታቸው ቆጠሩና ቀና ብለው አዩዋት።

«ሦስት መስለውኝ ነበር።»

«ሦስቱ የእነሱ ናቸው» አለች ድርሰት። «ከላይ ያለው የእኔ ነው።»