ይግባኙ ሳይሰማ

መምህር ታዲዮስ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ስቦ፣ ሸለብ ያደረገው ሰው መስሎ ሞቶ ነበር። ፊቱ አልገረጣም፤ እንዲያውም ጉንጩ ቀላ ብሏል። ራስጌው አጠገብ አንድ ትልቅ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ከሰሉ ነዶ ነዶ አመድ ሆኗል።

«ያው የከሰል ጭስ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ሚሊሻ፣ እጆቹን በብብቱ እንደሸጎጠ። «እዚህ ዘመሮ ከተማ ውርጭ በመጣ ቁጥር ሰው ሳይበላ አይሄድም።»

ኢንስፔክተር ጽናት ክፍሉን መመርመር ጀመረች። ዓይኖቿ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወለሉ ይመላለሱ ነበር።

ሟቹን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚወደውም አልነበረም። ባለፈው ዓመት ብሔራዊው የሕክምና መግቢያ ፈተና በከተማው ሲሰጥ ታዲዮስ ከፈታኞቹ አንዱ ነበር። የጥቂት ተፈታኞች መልስ ቁርጥ አንድ ሆኖ ተገኘና የአዳራሹ ልጆች ውጤት በሙሉ ተሰረዘ። ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ። ታዲዮስ ግን ችሎት ፊት ቆሞ፣ «ልጆቹ ሁሉ መልስ ሲቀባበሉ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። ወላጆቹ ተረቱ፤ ይግባኝም ጠየቁ። ይግባኙ የሚሰማው፣ ታዲዮስም እንደገና ለምስክርነት የሚቆመው ደብረ ብርሃን ላይ ነበር፤ ያውም ዛሬ።

አስከሬኑን ያገኙት ወይዘሮ ተሾመች ናቸው። ከዚያ ምስክርነት በኋላ ከተማው በሙሉ ለታዲዮስ ቤት አላከራይም ሲል፣ «እሱም የሰው ልጅ ነው» ብለው ያስገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል።

«እንዴት እንዳገኙት ይንገሩኝ፣ እትዬ ተሾመች» አለች ጽናት።

«መኪናው እንዳያመልጠው ልቀሰቅሰው መጣሁ። ብጠራው ዝም አለኝ። በሩን ብገፋው ከበደኝ። ለካ ብርድ እንዳይገባ ከውስጥ ጆንያ ወትፎበታል። እንደምንም ገፍቼ ስገባ፣ እንደምታዪው ነው።»

«መቀርቀሪያ የለውም?»

«ከተነቀለ ቆየ። አሠራዋለሁ ስል ቀረ።»

«ምድጃውስ የማን ነው?»

«የኔ ነው። በረደኝ ብሎ ማታ ራሱ መጥቶ ወሰደው።»

ጽናት ጎንበስ ብላ ከበሩ ጀርባ የተጣለውን ጆንያ ዳሰሰች። ሲነኩት እጅ ያረጥባል። ከሥሩ ያለው ወለልም ረጥቧል። ሌላው ወለል፣ ግድግዳው፣ የሟቹ ጫማ ሳይቀር በከሰሉ ሙቀት ክው ብሎ ደርቋል። ብቅ ብላ ደጁን አየች። ፀሐይ ያላገኘው የደጃፉ ጥግ አሁንም ውርጭ ነጭ አድርጎት ነበር።

«ማታ ማን መጣበት?»

«መጀመሪያ ወዳጆ መጣ። እሱ ሲወጣ አስፋው ገባ፣ የፈተና ጣቢያው ኃላፊ።» ወይዘሮ ተሾመች ወደ አልጋው አንድ ጊዜ አየት አደረጉ። «ይኼስ ቀባሪ አገኘ። ወለተጊዮርጊስ አፈር እንኳ አላገኘች።»

«ማን ናት ወለተጊዮርጊስ?»

«የዘመድ ልጅ ናት። ሞተች» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለሱት።

ወዳጆን ያገኘቻቸው መናኸሪያው ነው። ገብስ አራሽና በግ አርቢ ናቸው፤ ልጃቸው ሐና ውጤታቸው ከተሰረዘባቸው አንዷ ናት። ለችሎቱ ብለው አዲስ ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው፣ ወሬውን ሲሰሙ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄዷል።

«ወዳጆ ነው የገደለው ብለውሽ ነው የመጣሽው?»

«ገበያ መሐል አንገቱን ይዘው ‹ደምህን እጠጣለሁ› ብለውት የለም፣ ጋሽ ወዳጆ?»

«ብዬዋለሁ። ያን ቀን ባይገላግሉን እጠጣውም ነበር።» ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «ከዚያ ወዲህ ግን ቤቴ ድረስ መጣ። እግሬ ላይ ወደቀ። ‹ችሎት ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው፤ በይግባኙ እውነቱን አወጣዋለሁ› አለኝ። ማታ የሄድኩትም እንዳይከዳኝ ቃሉን ላስታውሰው ነው። አብረን ልንሳፈር ነበር። አሁን ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ከሰው ሁሉ በላይ እንዲኖርልኝ የፈለግሁ እኔ ነበርኩ!»

«ማን አስዋሸው?»

«‹ስሙን ለዳኛ ነው የምናገረው› አለኝ። አላስጨነቅሁትም። ምነው አስጨንቄው በነበር!» ድንገት ቀና አሉ። «ደሞ ከሰል ገደለው ይሉኛል! የኬሚስትሪ አስተማሪ እኮ ነው! ከሰል ያለበት ቤት አትተኙ እያለ ልጆቹን መድረሻ ያሳጣቸው እሱ አይደል እንዴ? እናቷ የከሰል ምድጃ ይዛ ስትገባ ሐና አንስታ ውጭ የምታወጣብን ከሱ ሰምታ ነው።»

«ከሐና ጋር ውጤታቸው የተሰረዘባቸው ልጆች አሁን የት አሉ?»

«ተበተኑ። አንዷማ የለችም። እየሩስ የምትባል ከቀየት የመጣች ልጅ ነበረች። አጭበርባሪ ተብላ ስሟ ሲጠፋ አንገቷን ደፍታ በጅቡቲ በኩል ወጣች። ጀልባው ሰጠመ። ሬሳዋም አልተገኘ።»

ጽናት የወይዘሮ ተሾመችን ቃል አስታወሰች። አፈር ያላገኘች ሌላ ልጅ ስም ጠዋት ሰምታለች። ለወዳጆ ግን ምንም አልተነፈሰችም።

አቶ አስፋውን ቢሮው ውስጥ ወፍራም ካፖርት ለብሶ አገኘችው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ በሟቹ ማዘኑን በረጅሙ ተናገረ።

«ማታ ለምን ሄዱ?» አለችው።

«ልሰናበተው። በርታ፣ የመሰከርከውን አጽና ልለው።»

«ሊለውጥ ነበር እንዴ?»

አስፋው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «እንደሱ አላልኩም።»

«ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር?»

«ኧረ የለም! ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው ተቀምጬ የወጣሁት። ወይዘሮዋ ከሰል ላምጣልህ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ‹የለም፣ እኔ ከሰል አላስገባም› አላቸው።»

«ምስክሩ ሞተ እንግዲህ። ይግባኙ እንዴት ይሆናል?»

«የመጀመሪያው ቃሉ ይጸናል መሰለኝ» አለ። ፈጠን ብሎ ነበር የመለሰው፤ ፊቱም ፈታ ብሎ ነበር። ጽናት ስትወጣ፣ ገዳዩ ይኼ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት ብላ ተመኘች። ተመኘች እንጂ አላመነችም። የሚነድ ከሰል ይዞ ከተማ ያቋረጠ ሰው ያየ የለም።

ከቢሮው ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ቄስ ወልደ ጻድቅ ቀድሞ ቀየት ያገለገሉ፣ ያገሩን ሰው በትውልድ የሚያውቁ አባት ናቸው። መስቀላቸውን ከተሳለመች በኋላ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ወለተጊዮርጊስ የምትባል፣ ሬሳዋ ያልተገኘ ልጅ ያውቃሉ?»

ቄሱ አማተቡ። «እየሩስ ናታ! ወለተጊዮርጊስ የክርስትና ስሟ ነው። ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። አንቺ ከማን ሰማሽው? እናት አባቷ አርፈዋል። በዚህ ስም የሚጠራት ከኔና ክርስትና ካነሳቻት ሴት በቀር የለም።»

«ክርስትና ያነሳቻት ማን ናት?»

«ተሾመች ናት እንጂ። ልጅ አልወለደችም፤ ያቺ ልጅ ናት የዓይኗ ብርሃን የነበረች። ተሾመች እዚህ ከተማ ከመጣች በኋላ ግን ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።»

በማግስቱ ከሐኪሙ ዘንድ መልስ መጣ። ታዲዮስ የሞተው በከሰል ጭስ ነው፤ ሌላ ምንም አልተገኘበትም። ጽናት ሦስቱንም ሰዎች ወይዘሮ ተሾመች ግቢ ጠራቻቸው። ፀሐዩ ጥሩ ስለነበር በርጩማ ወጣላቸው። ቄሱም መጥተው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ወዳጆ አስፋውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ መንገድ አዙረዋል።

«ታዲዮስ በራሱ ስህተት አልሞተም» አለች ጽናት። «ተገድሏል። የነገረኝ ጆንያው ነው። ከውስጥ ወትፎት ነበር ተብዬ ነበር። ከውስጥ ቢሆን እንደ ቤቱ ሁሉ ደርቆ ባገኘሁት ነበር። እኔ ያገኘሁት ርሶ ነው። ሌሊቱን ውጭ ውርጭ በልቶት አድሯል፤ ጠዋት ወደ ሞቀው ቤት ሲገባ ውርጩ ቀለጠ። እንግዲህ ጭሱ እንዳይወጣ በሩን ከውጭ የወተፈ ሰው አለ ማለት ነው። የተኛ ሰው ደጅ ወጥቶ በራሱ ላይ በር አይወትፍም።»

«እሱን ተይው፣ ማን ነው?» አሉ ወዳጆ።

«እመጣበታለሁ፣ ጋሽ ወዳጆ። እርስዎ ገበያ ላይ ዝተዋል። ነገር ግን የልጅዎን ስም ሊያነጻ የነበረው ብቸኛ ሰው እሱ ነው፤ አይገድሉትም። አቶ አስፋው በታዲዮስ ሞት ይጠቀማሉ። ሲወጡ ግን ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሰልም ይዘው አልመጡም። ታዲዮስ ደግሞ በሚተኛበት ቤት ከሰል የማያስገባ ሰው ነው። ‹ራሱ መጥቶ ወሰደው› ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።» ወደ ወይዘሮ ተሾመች ዞረች። «ታዲዮስ ከሰሉን እምቢ ሲልዎት አቶ አስፋው ሰምተዋል። የሚነድ ምድጃ የነበረውም እዚህ ግቢ ውስጥ እርስዎ ቤት ብቻ ነው። ጆንያውንም ጠዋት ወደ ውስጥ ያስገቡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ተሾመች፣ ሳይናደዱ። «ሰው ሁሉ ሲጠላው ያስጠጋሁት እኔ? በምን ዕዳው ብዬ እገድለዋለሁ?»

«በእየሩስ። ወለተጊዮርጊስ ብለው ባዘኑላት የክርስትና ልጅዎ።»

ወዳጆ ከበርጩማቸው ተነሱ። ወይዘሮ ተሾመች ወደ ቄሱ አዩ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«ለምን ቤትዎ እንዳስገቡት አሁን ገብቶኛል» አለች ጽናት ቀስ ብላ። «ያልገባኝ፣ ይህን ያህል ታግሰው ለምን በዚያ ምሽት እንደሆነ ነው። ታዲዮስ የነገረዎት ነገር አለ። ምናልባት ሙግት ይዘው ይክዱኝ ይሆናል፤ ጆንያው ደርቋል፣ እኔም ከቃሌ በቀር የምይዘው ብዙ የለኝም። ግን ታዲዮስ የነገረዎትን የሚያውቅ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም። እርስዎ ዝም ካሉ እየሩስ አጭበርባሪ ተብላ ትቀራለች። ያስዋሸውም ሰው ቤቱ ይገባል።»

አስፋው ካፖርቱን ሰብስቦ ተነሳ። «እኔ ሥራ አለብኝ፤ ይኼ የሴቶች ጨዋታ...»

«ተቀመጥ!» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው የሰማ አልነበረም። አስፋው ተቀመጠ።

«ያስገባሁት በየቀኑ ላየው ነው» አሉ። «እንዴት ይበላል፣ እንዴት ይተኛል ብዬ። ልጄን ባሕር አስበልቶ አንድ ቀን ሲያለቅስ ባየው ብዬ። ልገድለው አላሰብኩም ነበር። አጭበርብራ ይሆን ወይ የሚል ጥርጣሬም አልፎ አልፎ ይመጣብኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያን ምሽት ሰዎቹ ሲወጡለት ጠራኝና ነገረኝ። እየሩስ የማን እንደሆነች አያውቅም። ‹ልጆቹ ንጹሓን ናቸው። መልሱን ለእህቱ ልጅና ለጓደኞቹ የሰጣቸው አስፋው ነው። ሲነቃበት ጥፋቱ እነሱ ላይ እንዳያርፍ፣ ሁሉም ተቀባብለዋል ብለህ መስክር፣ አለዚያ ከሥራህ ትባረራለህ አለኝ። ነገ ለዳኛው እነግራለሁ› አለኝ።»

«ውሸት ነው!» አለ አስፋው።

«ነግሮኝ ሲያበቃ እፎይ አለ። እፎይ ብሎ ተኛ! የኔዋ ውኃ ውስጥ ናት፣ እሱ እፎይ ብሎ እንቅልፉን ይለጥጣል። እሱን አልቻልኩትም። ከሰሉን ሞልቼ አስገባሁለት። በሩን ወተፍኩና ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ወዳጆ ወደ እሳቸው ተራመዱ። «አንቺ ሴት! ሊናገር እኮ ነበር! አንዲት ቀን! አንዲት ቀን ብትታገሺው ምን ነበረበት? የሞተችው የአንቺ ናት፤ የኔዋ ግን ቆማ ትጠብቃለች!»

«ለሞተችው ምን ሊረባት?» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። ከዚያ ወደ ጽናት ዞሩ። «ጻፊው፣ ልጄ። ደብረ ብርሃንም ውሰጂኝ። ገድያለሁ እላለሁ፤ ለምን እንደገደልኩም እላለሁ። ይህን ሰው ይዤው ነው የምወርደው።» ጣታቸው አስፋው ላይ ነበር። ዓይናቸውም ሳይቀር እየሳቀ ነበር፤ ጽናት ያን ሳቅ ማየት ስላልቻለች ወደ አጥሩ ዞረች።

ይግባኙ ተቀጥሮ ሲሰማ ወይዘሮ ተሾመች በሁለት ፖሊስ ታጅበው ቀረቡ። የአስፋው ጠበቃ፣ ነፍሰ ገዳይ ትታመናለች ወይ ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ፣ ቃላቸው ራሳቸውን ዕድሜ ልክ ሊያሳስር እንደሚችል ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው፤ «አውቃለሁ» አሉ። ችሎቱ የፈተናው ወረቀቶች እንደገና እንዲታዩ አዘዘ። ቁርጥ አንድ ሆኖ የተገኘው የአስፋው የእህት ልጅና የጓደኞቹ መልስ ብቻ ነበር። የሌሎቹ ውጤት ተመለሰ፤ የእየሩስም ጭምር። አስፋው ከችሎቱ በር ላይ ተያዘ።

ሐና ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቃቅፋ ስታለቅስ ወዳጆ ከሕዝቡ ወጡ። ወይዘሮ ተሾመችን ወደ እስረኛ መኪናው ሲወስዷቸው ደረሱባቸው። ፖሊሶቹም ቆም አሉላቸው። ጽናት ከአጠገባቸው ነበረች።

«ተሾመች» አሉ ወዳጆ። «እግዜር ይስጥልኝ ልልሽ መጥቼ ነበር። ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

«አትበለኝ» አሉ ወይዘሮ ተሾመች፣ የመኪናውን ብረት በአንድ እጃቸው እንደያዙ። «ላንተ ልጅ ብዬ አይደለም።»

ወደ መኪናው ገብተው፣ ልጆቹን ለሚያሳየው መስኮት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።