ጀማሉዲንን ከቤቱ ያሸሹት እጆች

አዋሽ ላይ፣ የከባድ መኪና ጋራዦች ከተሰለፉበት መንገድ ጀርባ፣ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበረ። አባወራው ጀማሉዲን የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ የወየበውን ቦቴ ሙሽራ አስመስሎ የሚመልስ! አሮጌውን ቀለም በቲነር እያሸ የሚያወርደው ግን በባዶ እጁ ነበር። ቆዳው መጀመሪያ ደረቀ፣ ቀጥሎ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያማ ደም ያዥ ጀመር... ሚስቱ ዙሌይካ ለምና ለምና ወፍራም የላስቲክ ጓንት አስገዛችው። እሱም ከእጁ አልለየውም። እጁ ግን ጭራሽ ባሰበት!

ይሄኔ የጎረቤት ምላስ ተፈታ። «ሥጋ ደዌ ነው» አለ አንዱ፤ ሌላው አጸደቀ። ሐኪም ሳይሆኑ መረመሩ፣ ዳኛ ሳይሆኑ ፈረዱ! ምስኪኑ ጀማሉዲንም አመናቸው። ልጆቼን እንዳልበክል ብሎ፣ ሳይሰናበት ወደ ሰመራ ሄደ፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ እየሠራ እዚያው ያድር ጀመር። ዙሌይካ ባሏ በቁሙ ሞተባት። አባት በሕይወት እያለ የሙት ልጅ መሆንንስ ምን ይሉታል?

ትልቋ ልጅ ሱልጣና ግን ምላሷ ምላጭ ነው፤ አልቅሳ የምትተው ዓይነት አልነበረችም። ያለበትን ከቦቴ ሹፌሮች አጠያይቃ፣ አውቶብስ ተሳፍራ፣ ሚሌን አልፋ፣ ሰመራ ገባች። አባቷ ሲያያት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አትጠጊኝ ልጄ!»

«ወላሂ እጠጋለሁ! በዚህ ሐሩር ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት የቦቴ ቀለም ላደንቅ መሰለህ?»

ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። ፊቱን ሊደብቃት ወደ ሥራው ዞረ፤ ጓንቱን ቲነር ውስጥ ነከረ፣ ገልብጦ ውስጡን ጭምር አለቀለቀና ሳይደርቅ አጠለቀው።

ሱልጣና ክው አለች። «አባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታጥበው?»

«ታዲያስ! ላቡንም እድፉንም የሚያነጻው እሱ ነው። ንጽሕና የኢማን ግማሽ ነው አልተባለም?»

«የተባለው በቲነር አይደለማ!»

ጓንቱን ነጥቃ የራሷን እጅ ከተተችበት። ወዲያው ያቃጥላት ጀመር። ወይ ጉድ! እጁን እንዲጠብቅ የተገዛው ጓንት፣ ለካስ መርዙን አፍኖ ሲቀቅለው ከርሟል!

እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ውብነሽ ታሪኩን ሰምታ እጆቹን አገላብጣ አየች፤ ዓይኑን አስጨፍና በጥጥ ነካካችው፤ የነካችው ሁሉ ተሰማው።

«ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ እጅዎ በደነዘዘ ነበር። ቲነሩ ነው ያቃጠለዎት» አለችው። «ቢሆንስ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፤ ምን አሸሸዎት? ቁስሉ እስኪድን ከቲነር ይራቁ። ከዚያ ቲነር የሚችል ጓንት ያግኙ፤ ሳያወልቁት ከውጭ በኩል በሳሙናና በውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት። ካበጠ ወይ ከተቀደደ ይጣሉት።»

«ልጆቼን... አንዳቸውንም አልበከልኩም?»

«አንዳቸውንም!»

ጀማሉዲን እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሱልጣና ለእናቷ ደወለች። የዙሌይካ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ።

«አልሃምዱሊላህ... አምጪልኝ። እጁ እስኪድን እኔ አጎርሰዋለሁ። ከዳነ በኋላ ግን ጥሎኝ የሄደበትን ያወራርዳል!»

ጀማሉዲን እያለቀሰ ሳቀ።

አላህ የጻፈውን ማን ይፍቀዋል እንላለን። እርሱ ሳይጽፍብን፣ በገዛ እጃችን ነክረን ያጠለቅነውንስ መከራ ማን ይቁጠረው!