ጥላ የሌለበት ጠረጴዛ

ጣሪያ ሠሪው ደገፋ ሞቶ የተገኘው በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከበላዩ ጣሪያው ሰው በሚያሾልክ ስፋት ተቀዷል፤ አብሮት የወደቀው የዛገ ቆርቆሮ እግሩ ሥር ተጣጥፏል። አጠገቡ የአረቄ ጠርሙስ ተጋድሟል፤ ሸሚዙም አረቄ አረቄ ይሸታል።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ከኦሞራቴ የከብት ዝርፊያ ምርመራ ገና መግባቷ ነበር፤ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል።

ቤቱ ከጂንካ አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ። ቤተ መጻሕፍት ሊሆን እየታደሰ ነበር። የፊት መልኩ ሳይነካ ከኋላ ሶላር ተገጥሞለታል፤ መሃል ጣሪያው ላይ ደግሞ የቀን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ገብቶለታል። ያንን ጣሪያ፣ አሮጌውንም ነጩንም ቆርቆሮ፣ አንድ በአንድ የመታው ደገፋ ነው፤ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ መዝሙር በአፍንጫው እያንጎራጎረ።

«እህቴ» አለች ሚስቱ ከበቡሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ዓይኗ ደረቅ ነው። «ሰክሮ ወደቀ እያሉ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የለቅሶ ድንኳኑ ዳር ቆመው ይንሾካሾካሉ። ጌታን ከተቀበለ ወዲህ አረቄ በአፉ አልዞረም። ነገ ሲቀበር ሰካራም ተብሎ አይቀበርብኝ።»

«የምትጠረጥሪው ሰው አለ?»

«የለም። ስሙን ብቻ መልሱልኝ።»

ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ዘበኛው ቦሼ ቀረበ። ጠርሙሱን ሲያይ ጮኸ።

«የኔ ነው! ግን ሙሉ ነበረ እኮ። ከዘብ ቤቴ ማን አወጣው?»

«ከደገፋ ጋር አብራችሁ ትጠጡ ነበር?»

«ከደገፋ ጋር? እሱማ ‹ቦሼ፣ አንተ አጠገብ ክብሪት አይጫርም› እያለ ነበር የሚስቅብኝ።»

«ዛሬ ጣሪያ ላይ ምን አወጣው?»

«ትናንት በዝናቡ ማንበቢያ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ማታ፣ ሰሞኑን ከሄደበት የቀይ አፈር ከተማ ለቅሶ ሲመለስ ነገርኩት። ‹እኔ የመታሁት ምስማር አያፈስም› ብሎ ተቆጣ። ጠዋት መሰላሉን ይዞ መጣ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ፤ ስመለስ ኢንጂነር ልዑል ‹ሰው ሞተ› እያለ ይጮሃል።»

ሁለተኛዋ ሔርሜላ ናት፤ ለቅርስ ጥገናው ከአዲስ አበባ የተመደበች አርክቴክት።

«ከኋላ ድንጋይ ሳጸዳ ነበር። ምንም አላየሁም።»

«ከደገፋ ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሱ ጋር? በጭራሽ። የምጨቃጨቀው ከልዑል ጋር ነው። ጣሪያውን የተሸከመው የጥድ ሞራሌ በነጩና በጎኑ ባለው አሮጌ ቆርቆሮ ሥር ያልፋል፤ ጥላው ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ልዑል ‹ይቆረጥ፣ ማንበቢያ ነው የምንሠራው ወይስ ሙዚየም?› ይለኛል። እኔ አሮጌ እንጨት አይነካም ብያለሁ።»

«አለመነካቱን በምን ታውቂያለሽ? በአቡጀዴው ተሸፍኗል።»

«ከፍታ ስለምፈራ ከመሬት ሆኜ ጣሪያው ላይ ያለውን የምስማር መስመር አያለሁ። መስመሩ ካልተጓደለ ሞራሌው አለ።»

ልዑል የሶላሩ መሐንዲስ ነው። ንግግሩ ፈጣን ነው።

«ያሳዝናል። ጠዋት ሰላም ስለው አረቄ ሸቶኝ ነበር።»

ወሰንየለሽ ደክሟት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ቀናት የሰነበተው ደመና ገለል ብሎ ነበርና ብርሃኑ ተንጣልሎ ወረደ። ወዲያና ወዲህ ዳር የሁለት ሞራሌዎች ጥላ ያርፋል። መሃሉ ግን ጥርት ያለ ነው።

«ሔርሜላ የነገረችኝ ጥላ የት ሄደ?» አለችው ልዑልን።

«አቡጀዴው በትኖት ይሆናል።»

«የዳርና ዳሩንስ ለምን አልበተነውም?»

ወሰንየለሽ ተነሣች። የባትሪ ክፍሉን እንዲከፍትላት ጠየቀችው፤ ቁልፉ እሱ ጋ ብቻ ነው። ባትሪዎቹ ቀላ ባለ አሮጌ ጥድ ላይ ተደርድረዋል። ጎንበስ ብላ እንጨቱን በጣቷ ዳሰሰች። እያቃሰተች መሰላሉን ወጣች፤ ጣሪያውን አይታ ወረደች። ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ደገፋ የወደቀው በደረቱ ነው» አለች። «አረቄው ግን ያራሰው ጀርባውን ነው፤ ደረቱ ሥር አንድ ጠብታ የለም። በጀርባው የሚጠጣ ሰው አላውቅም። ጠርሙሱም ከጣሪያ ወድቆ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። አረቄው የፈሰሰበት ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ጣለው?» አለ ቦሼ።

«ጣሪያ ሠሪ ምስማር ምስማሩን ነው የሚረግጠው፤ ከሥሩ ሞራሌ አለና። የጫማው ጭቃ ምስማሩን ተከትሎ ሄዶ ቀዳዳው ጋ ያልቃል። አልተንገዳገደም።» የወደቀውን ቆርቆሮ አነሳች። «የዚህን ምስማሮች እዩ። ከአንገታቸው ተቆርጠው በማስቲሽ የተለጠፉ ናቸው። ለዚህ ነው ያፈሰሱት። ከሥራቸው እንጨት የለም።»

ሔርሜላ አፏን በእጇ ያዘች። «ሞራሌውስ?»

«ባትሪው ሥር ነው፤ የምስማር ቀዳዳዎቹ በላዩ ተደርድረዋል። ጥላውን የጠላ አንድ ሰው ነው። ደገፋ ለቅሶ በሄደበት፣ ሰማዩም ጥላ በማያሳይበት ሰሞን እንጨቱን ቆርጦ አወጣ። አንቺ ከመሬት የምታዪው መስመር እንዳይጓደል የምስማሮቹን አናት መልሶ ለጠፈ። አንቺን ለማታለል የተለጠፈውን ምስማር ደገፋ አምኖ ረገጠው።»

ሁሉም ወደ ልዑል ዞሩ።

«ብርሃኑ እንዲያምር ብዬ ነው» አለ ልዑል ቀስ ብሎ። «ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ሲመለስ ልነግረው ነበር። አረቄውንም ያፈሰስኩት ደንግጬ ነው።»

«ጠዋት መሰላሉን ሲያቆም አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

«ሔርሜላ ቅርብ ነበረች። ብነግረው ትሰማለች ብዬ…»

ከበቡሽ ተጠጋችው። «ሰላም አልከው አይደል?»

«አዎ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹እግዚአብሔር ይመስገን› አለኝ።»

ከበቡሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ሄደች። ፖሊሶቹ ልዑልን ሲወስዱት ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

ወሰንየለሽ ወደ ቤቷ ሄዳ መተኛት ፈልጋ ነበር። ግን ከበቡሽን ተከትላ ለቅሶ ድንኳኑ ገባች። ሽማግሌዎቹ ቦታ ሊለቁላት ተነሡ፤ አልተቀመጠችም።

«ደገፋ አልጠጣም» አለች፣ ዳር ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ። «አረቄው ከወደቀ በኋላ ሰው ያፈሰሰበት ነው። ሲወድቅ የረገጠው፣ እሱ ራሱ ምስማር የመታበትን ቦታ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ከበቡሽ ፊት ዝቅ አለ። ከጠዋት ጀምሮ እንባ ጠብ ያላለላት ከበቡሽ ያን ጊዜ ገና የባሏን ስም ጠርታ አለቀሰች።