ለማጥፊያው መስመር የወጣለት ስም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

2004 ዓ.ም.፣ አርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ። ልደታ፣ ሰንጋ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ። ውጭ ሲሚንቶ ማቡኪያው ያጓራል። በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ጉድ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቢሮው ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አለቃችን ጋሽ ገረሱ፣ ሁመድና እኔ። ሥራችን የተዝረከረከ የደንበኛ አድራሻ የሚያጸዳ የኮምፒውተር ስክሪፕት መጻፍ ነው። የሚሰረዘውን ለይቶ የሚይዝ አንድ ረጅም መስመር አለ... ቅንፍ፣ ኮከብ፣ ነጥብ። ሁመድ ያንኑ በየቦታው ደጋግሞ ጽፎታል። ዓይን ያጠፋል።

"አንዴ ስም አውጣለት" አለው ገረሱ። "ከዚያ በየቦታው ስሙን ብቻ ትጠራለህ።"

ምክሩስ ልክ ነበር። ክፋቱ ስሙ ላይ ነው።

"ሁመድ" ብሎ ሰየመው ገረሱ ራሱ።

ሁመድ በስሜ አይቀልዱ ብሎ ለመነው። ገረሱ እየሳቀ ኢንተር ተጫነ።

እውነቱን ልናገር፣ ስክሪፕቱ አማረበት። ቁልጭ ብሎ ይነበባል...

ሻይ የምታመጣልን ሎሚ ገባች። ሁለት ብርጭቆ ብቻ ይዛለች። ለገረሱና ለእኔ ሰጠችን። ሁመድ የኔስ ቢላት ዞር ብላም አላየችው።

ደንግጦ ሚስቱ ጋ ደወለ። ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማል።

"ነፊሳ... እኔ ነኝ።"

"ማን ልበል?"

"ባልሽ።"

"እኔ አላገባሁም፣ ወንድሜ።"

ዘጋችው።

በእናትዎ ሌላ ስም ይስጡት፣ ማንኛውንም ቃል ያድርጉበት አልኩት ገረሱን። ገረሱ ኪቦርዱን ወደ ሁመድ ገፋ።

"መስመሩ የሰው ስም ለምዷል፤ ሌላ ቃል አይቀበልም" አለ። "አንተው ምረጥ።"

ሁመድ አየኝ። ምሳ ዕቃ የምንጋራ ሰዎች ነን።

"ነፊሳ እርጉዝ ናት..." አለኝ በሹክሹክታ።

ጻፈ።

የኔን ስም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ነፊሳ ናት፤ ለጁምዓ አልወጣህም እንዴ ትለዋለች። እያለቀሰ ሳቀ። አይ ሰው...

ሎሚ ተመለሰች። ለሁመድ ሻይ በትሪ አመጣችለት።

"ሎሚ" አልኳት። "እኔ እኮ አለሁ።"

ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እፎይ አልኩ።

ባዶውን ትሪ፣ ባዶ ወንበር ያገኘች ያህል፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሁመድ ሻዩን ቀስ ብሎ ጠጣ። ሲጨርስ ተነሳ... ብርጭቆውን አምጥቶ ትሪው ላይ አኖረው።