ለእንግዳ የተቀመጡ ቀበቶዎች

ኢንስፔክተር ቆንጅት ከዲላ ወጣ ብሎ ካለው የድንጋይ ካባ ስትደርስ ከገደሉ ወድቃ የሞተችው ሠራተኛ ዘነቡ በሸራ ተሸፍና ከግርጌው ተጋድማ ነበር። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ሀኒ ደግሞ ቀድመው በደረሱ ፖሊሶች በካቴና ታስራ ከአጠገቧ ተቀምጣለች። ማንም ሳይመረምር ጥፋተኛ ተገኝቷል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ቆንጅት ገና ከመኪናው ሳትወርድ ደሟ ፈላ።

«የደህንነት ቀበቶ ሳትሰጣት ነው ገደሉ ላይ የላከቻት» አለ ሥራ አስኪያጁ ልዑልሰገድ፣ እርጥብ ጃኬቱን እያራገፈ። «ይኸው፣ ሟቿ ምንም አላሰረችም። ስትወድቅ እኔ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ዝናቡ እስኪያባራም አልወጣሁም።»

«ሰጥቻታለሁ!» ብላ ጮኸች ሀኒ። «እናቴ ትሙት ሰጥቻታለሁ!»

ሀኒ የሁለት ዓመት ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ነው የወጣችው። ነገሩ በዚሁ ከጸና ልጇ የሚያድገው ያለ እሷ ነው።

ቆንጅት ተንበርክካ ሸራውን ገለጠች። ዘነቡ በገመድ ተንጠልጥላ የተሰነጠቀ ድንጋይ በዲጂኖ የምትፈነቅል ሴት ነበረች። መቀነቷ ወገቧ ላይ የለም፤ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ገብቷል። ክንዶቿ በውስጥ በኩል ወደ ላይ ተልጠዋል፤ የግራ ጆሮዋም ከነጉትቻው ተቦጭቋል።

ፎርማኑን ተሾመን ጠራችው። «ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ታች፣ ድንጋይ መፍጫው ጋ። ጩኸት ሰምተን ሁላችንም ወደ እሷ ሮጥን። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ እኔ መኪና ልለምን አስፋልት ወጣሁ።»

«ሀኒስ?»

የመለሰችው ሀምዲያ ናት፤ ከሰባቱ ሴት ሠራተኞች አንዷ። «እሷማ የዘነቡን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሳችም። አብረን ነው የበሰበስነው።»

«ቀበቶው እንዴት ነው የሚታሰረው?»

ሀምዲያ አንገቷን ደፋች። «የወንድ ልክ ነው፤ ትከሻችን ላይ አይቆምም። በጭን መሃል የሚያልፍ ማሰሪያም አለው። ቀሚስ ለብሰን ወንድ ፊት እንዴት እናስረው? የጭኑን ማሰሪያ ሳናስር እንተወዋለን። የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ይዲድያ ልካችንን ወስዶ ለቀሚስ የሚሆን ሠራልን። ሰኞ መጣ ተባለ፤ በዓይናችን ግን አላየነውም።»

ቆንጅት ዕቃ ቤቱን አስከፈተች። ጣሪያው አያፈስም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስምንት አሮጌ ቀበቶዎች ሰባቱ አቧራ እንደለበሱ ደርቀዋል፤ አንዱ ውሃ ያንጠባጥባል። ጥግ ላይ የተቆለፈ የብረት ሳጥን ተቀምጧል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«የበሩ እኔና ጋሽ ልዑልሰገድ ጋ ነው» አለች ሀኒ። «የሳጥኑ እሳቸው ጋ ብቻ።»

ይዲድያ ከዲላ ተጠርቶ እንደደረሰ ቆንጅት ሁሉንም መፍጫው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ዘነቡ ቀበቶ ነበራት» ብላ ጀመረች። «ሰፊ ስለነበረ፣ የጭኑም ማሰሪያ ስላልታሰረ፣ እግሯ ሲከዳት እሷ ወደ ታች፣ ቀበቶው ወደ ላይ ሄደ። መቀነቷን ጎትቶ፣ ክንዷን ልጦ፣ ጆሮዋን ቦጭቆ በጭንቅላቷ በኩል ወጣ። ባዶው ቀበቶ ገመዱ ላይ ቀረ። እናንተ ወደ እሷ ሮጣችሁ፤ ቀና ብሎ ያየ የለም። አንድ ሰው ግን በዝናቡ ወደ ገደሉ አናት ወጥቶ ቀበቶውን ሳበ፤ ወስዶም ዕቃ ቤት ሰቀለው። ይህ ሰው ቁልፍ አለው። ተሾመ የለውም። ሀኒ ከሬሳው አልተለየችም። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጃኬትስ እንዴት ይበሰብሳል፣ አቶ ልዑልሰገድ?»

«ስም ማጥፋት ነው!» ልዑልሰገድ ፊቱ ደም መሰለ። «ጥፋቱ የራሷ ነው! የጭኑን ማሰሪያ ጠቅልላ ከኋላ ቋጥራው ነበር!»

«የት አየኸው?» አለች ቆንጅት። አቶ ማለቱ አብቅቷል። «ምንም አላሰረችም አላልክም?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ዕቃ ቤቱ ይዛው ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«ሳጥኑን ክፈት።»

«ኢንስፔክተር፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሰዎች ለጉብኝት ይመጣሉ። አዲሱ ቀበቶ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው፣ በአዲስነቱ እንዲያዩት…»

«እንግዳው መጥቷል፤ እኔ ነኝ። ክፈት አልኩህ!»

ሳጥኑ ውስጥ ሰባት ቀበቶዎች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ክር ስም ተሰፍቷል። ጥሩውን ሳህን ለእንግዳ የሚደብቅ ሞልቷል፤ በሳህን የሞተ ግን የለም። ይዲድያ የዘነቡን አነሳ። «ትከሻዋ ጠባብ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ነው የሰፋሁት» አለ፣ እያለቀሰ።

ቆንጅት ካቴናውን ከሀኒ እጅ ፈትታ በልዑልሰገድ እጅ ላይ በገዛ እጇ ቆለፈችው። ሀኒ ወደ ልጇ ከመሮጧ በፊት ስድስቱን ቀበቶዎች ለየባለቤቶቻቸው አደለች። ሴቶቹ ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደው፣ ቀበቶውን በእርጥብ ቀሚሳቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። ከዚያ የዘነቡን ቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ወጡ። አንዲትም ሴት አላለቀሰችም፤ የሚሰማው የቀበቶዎቹ ብረት ብቻ ነበር።