ሽማግሌ የመጣ ለት

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲወጡ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አቶ አባዲ የሚባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ መብርሂትና ከአንድዬ ልጃቸው ከዳናይት ጋር ይኖሩ ነበር። ጠብ የማይሰማበት ቤት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግን አቶ አባዲን አንዱ ነገር ሁለት እየሆነ ያስቸግራቸው ጀመር። አንዱ ታክሲ ሁለት፣ አንዱ ደረጃ ሁለት፣ አንዷ መብርሂት ሁለት! ሰፈርተኛው መንገድ ላይ ሲንገዳገዱ አይቶ «ጀመሩት እንዴ?» እያለ አማቸው። ሐኪሙ ግን ዓይን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ መድከሙን፣ ሕመሙም ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ መሆኑን ነግሯቸው የመነጽራቸውን አንድ ወገን በፕላስተር ሸፈነው። ባንድ ዓይን ሲያዩ ዓለም ተመልሳ አንድ ሆነች። መዳን ባይሆንም መኖሪያ ነበር።

ዳናይት የምትወደው ዮአብ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። ሽማግሌ መቼም ልጅቷን ብቻ ጠይቆ አይሄድም፤ ቤቷንም ዘሯንም ያያል። ይህ ነገር ዳናይትን እንቅልፍ ነሳት።

«አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ ፕላስተሩን አንሳው» አለች። «ማለቴ... ዘራቸው በሽታ አለበት እንዳይሉ። በቃ፣ ለኔ ስትል! ለማንም እንዳትናገር።»

አባት ለአንድ ልጁ ምን ይከለክላል? አነሱት፤ ላይናገሩም ቃል ገቡላት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። የዮአብ አጎት አቶ ገብረሚካኤል ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ አቶ አባዲ ከጎን ያለውን ባዶ አየር ጨበጡ። ደነገጡ። እውነተኛውን ሰው ለመለየት አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ልጅ ሊለምኑ የመጡ ሽበታም ሰው በዓይን ተጠቀሱ!

«እየቀለዱብን ነው ወይስ ጠጥተዋል?» አሉ አቶ ገብረሚካኤል።

ወይዘሮ መብርሂት ሊናገሩ ሲሉ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዙ፤ ለልጃቸው ቃል ገብተዋላ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ዳናይት ከጓዳ እያለቀሰች መጣች።

«አንድ ቀን እንኳ ሰው መምሰል አቃተህ?»

ወይ አንደበት... ከወጣ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?

«ነገ ሄጄ እክሳቸዋለሁ፣ ልጄ» አሉ አባት።

በማግስቱ ኦሎምፒያ ወደሚገኘው የአቶ ገብረሚካኤል ቤት ብቻቸውን ሄዱ። ጤነኛ ለመምሰል ፕላስተሩን እቤት ትተውት ነበር። አስፋልቱን ሲሻገሩ አንዷ መኪና ሁለት ሆና መጣችባቸው። ከሌለችው ሸሽተው ካለችው ፊት ገቡ።

አቶ ገብረሚካኤል ለቅሶ መጡ። ወይዘሮ መብርሂት የሆነውን ሁሉ ሲነግሯቸው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ወደ ዳናይት ዞሩ።

«ልጄ፣ የዮአብ እናት የሚጥል በሽታ አለባት። ያን ለት ለአባትሽ እንዴት ብለን እንንገራቸው እያልን መንገዱን ሙሉ ስንጨነቅ ነበር የመጣነው።»

ዳናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «አባዬ... አባዬ...» እያለች አለቀሰች። ከዓመት በኋላ ጋብቻው ሆነ፤ ሙሽራዋን ጉልበቱን አስሞ የሚመርቅ አባት ግን አልነበረም።

ያኔ ለቀስተኛው «ዕድላቸው ነው፤ ቀናቸው ደርሶ ነው» እያለ ነበር የሚያጽናናው። ምስኪን ዕድል! የሰው ይሉኝታ የሠራውን ሁሉ ይሸከማል፤ አፍ የለው፣ እኔ አይደለሁም አይል።