የግራ የኋላ ጎማ

«ጋሼ፣ ቆይ» አለች ቡሎን። «በጉልበት አይደለም የሚገባው።»

አጎቷ የብረት መጭመቂያውን እጀታ እንደያዘ ቀና አለ። የግራው የኋላ ጎማ ተፈትቷል፤ ያለቁት የፍሬን ሸራዎች ወጥተው ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። አዲሶቹ ወፍራም ስለሆኑ ቦታ እንዲያገኙ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። አጎቷ መካኒክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን በመጭመቂያ ሲሠራው ኖሯል። አሁንም አንድ ዙር ተኩል አጥብቆ ነበር።

«ለምን፣ ይነክሰኛል?»

«ከጀርባው ሞተር አለው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን በገመድ አይደለም የሚሠራው፣ በኤሌክትሪክ ነው። መጀመሪያ ጥገና ላይ እንዳለን ለመኪናው መንገር አለብን።»

«ንገሪው እንግዲህ» አለ አጎቷ። «በዚያው ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ቡሎን አልተቀየመችም። ይህን ስም ያወጣላት ራሱ ነው፤ አጭር ናት፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። የመኪናውን መመሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ስታነብ ሰንብታለች። እናቷን «ጋራዥ አትውሰጂው፣ እሑድ እኔና ጋሼ እንቀይረዋለን» ብላ ያሳመነቻትም እሷ ናት። እናቷ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መንዳት ታስተምራለች። ነገ ጠዋት ሁለት ተማሪዎቿ በዚሁ መኪና ይፈተናሉ፤ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትም ከፈተናው አንዱ ነው።

ቡሎን የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሞተሩን ሳታስነሳ ኤሌክትሪኩን አበራች፤ የፍሬን ፔዳሉን ረግጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ቁልፍ መመሪያው እንደሚለው ወደ ታች ተጭና ቆየች። ከኋላ ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። አጎቷ መጭመቂያውን እንደገና ሲሞክር ፒስተኑ ያለ ትግል ገባለት። ከእናቷ እሷ እንደምትሻል ነገራትና ግሪስ ሊዋስ ጎረቤት ሄደ።

መኪናው ግን በሩ ክፍት መሆኑን እየደጋገመ ይጮህ ነበር። ቡሎን ሲሰለቻት ገባችና ድምፁን አጠፋችው። ስትወጣ እጇ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ወደ ላይ ሳበው።

አላሰበችበትም። በእነሱ ቤት ማንም ሰው የእጅ ፍሬን ሳይዝ ከሾፌር ወንበር አይወርድም። እናቷ ይህን ያስለመደቻት እግሯ ፔዳል በማይደርስበት ዕድሜ ነው፤ መሪውን ልትወለውል ብትገባ እንኳ ሳትይዝ አትወጣም።

ዝዝዝ። የአሁኑ ከመጀመሪያው ረዘመ። ፒስተኑን የሚያቆመው ሸራ አልነበረም። ሮጣ ስትደርስ ከልኩ አልፎ ወጥቷል፤ ዙሪያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ የፍሬን ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ቁልፉን መሳብ መኪናውን ከጥገና እንደሚያስወጣው መመሪያው ላይ ተጽፏል። ገጹን ሁለቴ አንብባዋለች።

መኪናውን እንደገና ጥገና ላይ አደረገችው። ፒስተኑን መለሰች፣ ዘይቱን በጨርቅ ጠረገች። ይህን ያህል አጥርታ የምትጠርገው ለምን እንደሆነ ግን ራሷን መጠየቅ አልፈለገችም።

አጎቷ ተመልሶ ጎንበስ አለ። የተቀደደውን ላስቲክ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እኔው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ቅድም ስጨምቀው ነው። እየነገርሽኝ።»

አጎቷ ቀጠለ። መኪናው እንዲህ ሆኖ አይነዳም። ላስቲኩ ደግሞ ነገ የመለዋወጫ ሱቅ ሲከፈት እንጂ ዛሬ አይገኝም፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ የነገው ፈተና ያመልጣቸዋል፣ ሌላ ቀን ይቀጠርላቸዋል። እህቱ፣ የቡሎን እናት፣ መጀመሪያውኑ የእሱ እጅ ለድሮ መኪና ነው ስትል ነበር። ሄዶ ይነግራታል።

«እውነቷን ነው» አለ መፍቻዎቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ። «እኔ ወደ አሮጌዎቼ ልመለስ። እነዚህን እናንተ ሥሯቸው።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

ቡሎን መፍቻዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ አየች። ዝም ብትል ሁሉም ያምናል። መመሪያውን ያነበበችው እሷ፣ ያስጠነቀቀችው እሷ፤ እናቷ እንዲያውም ታመሰግናታለች። እሱ ደግሞ ዳግመኛ አዲስ መኪና አይነካም።

እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ቀድማው ወደ ቤት ገባች።

እናቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ወረቀት ታስተካክል ነበር። ቀና ሳትል፣ ጨረሳችሁ ወይ አለቻት።

«አልጨረስንም። ላስቲክ ተቀድዷል፤ መኪናው ነገ አይወጣም። ለተማሪዎችሽ መደወል አለብሽ።»

እናቷ ተነፈሰች፤ ስልኳን አነሳች። አጎቷ ከኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ ጋሼ» አለች ቡሎን ሳትዞር። «እማ፣ ከመደወልሽ በፊት ማን እንዳበላሸው ልንገርሽ።»